ሲሞኖቭ ለምን ጥይት አይጎርስም? (ጅማ ላይ የተናገርኩት)

ባለፈው እሑድ ጠዋት ሂርማታ አካባቢ ባለ አዳራሽ ለጥበቃ ሠራተኞችና የመሣሪያ ፈቃድ ላላቸው የቡና ገበሬዎች ስለ ሲሞኖቭ ጠመንጃ የተናገርኩት ነው። ልጄ በስልኳ ቀድታ ጻፈችልኝ። ብዙም አልነካካሁትም፤ እንዳወራሁት ይቀመጥ ብያለሁ።

አካም ቡልተን! አሰላሙ ዓለይኩም! እንደምን አደራችሁ! አባቶች፣ ወንድሞች፣ እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፣ ወንበር አለ። ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም፣ ስለዚህ ቀረብ ብትሉልኝ ደስ ይለኛል።

በር ላይ መሣሪያችሁን ባዶ አድርጋችሁ፣ መዝጊያውን ከፍታችሁ፣ ጥይታችሁን አስረክባችሁ ገብታችኋል። ቅር ያለው ሰው እንዳለ ሰምቻለሁ። ቅር አይበላችሁ። እኔም ተፈትሼ ነው የገባሁት። ጠመንጃ ባለበት ቤት ስብሰባ የሚጀመረው በዚህ ነው።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ድሮ ምድር ጦር ውስጥ መሣሪያ ጥገና ክፍል ነበርኩ። ከ1970 እስከ 1983 ዓ.ም ድረስ። ሥራዬ መፍታት፣ መወልወል፣ መግጠም ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው «ይሄ ጠመንጃ አልሠራ አለኝ» እያለ ሲያመጣልኝ ኖሬያለሁ። ዛሬ የማወራችሁም ስለዚያው ነው። በእጃችሁ የሚበዛው ሲሞኖቭ ስለሆነ ስለ ሲሞኖቭ ላውራ። አንድ ጊዜ ምላጭ ስትስብ አንድ ጥይት የሚተኩስ፣ ከዚያ ራሱ ቀለሁን፣ የተተኮሰውን ባዶ ቅርፊት ማለት ነው፣ አውጥቶ ራሱ ቀጣዩን የሚያጎርስ መሣሪያ ነው። ሰርጌይ ሲሞኖቭ የሚባል የሩሲያ ሰው የሠራው፣ በፈረንጆች 1945 የወጣ፣ 7.62 በ39 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚበላ፣ ካዝናው ከሆዱ ጋር የተያያዘ፣ አሥር ጥይት የሚይዝ። ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት ከእናንተ በዕድሜ ይበልጣል። ቢሆንም በደንብ ከተያዘ ይሠራል።

ታዲያ ለምን ይነክሳል፣ ማለት ጥይቱ መሃል ላይ ተይዞ ይቀራል? ለምን ሁለት ተኩሶ ሦስተኛው ላይ ይቆማል?

እስቲ ቃላችንን ልብ በሉት። እኛ ጥይት «አጎረስኩ» ነው የምንለው። ጉርሻ ነው። ጉርሻ እንዴት ይበላሻል? ወይ የሚያጎርሰው እጅ ተጣሟል፣ አፍንጫህ ላይ ይለጥፍብሃል። ወይ ጉርሻው ራሱ ተበላሽቷል። ወይ አፍህ አልተከፈተም፣ ወይ የቀድሞውን ገና አልዋጥክም። ወይ ደግሞ የሚያጎርስህ ሰው ጉልበት የለውም፣ እጁ ሳይደርስ ይመለሳል። ጠመንጃም ይኸው ነው። እጁ ካዝናው ነው። ጉርሻው ጥይቱ ነው። አፉ የጥይት ቤቱ ነው፣ ማለት ጥይቱ ገብቶ የሚተኛበት። ጉልበቱ ደግሞ ከአፈሙዙ ወደ ኋላ የሚመለሰው ጋዝ ነው። እጅ፣ ጉርሻ፣ አፍ፣ ጉልበት። ይቺን ያዙልኝ፣ በእሷ እሄዳለሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንደኛ ነገር። ይሄን ሳልናገር ወደ ሌላው አልሄድም።

የነከሰ ጠመንጃ ባዶ ጠመንጃ አይደለም! የነከሰ ጠመንጃ ባዶ ጠመንጃ አይደለም! የመጀመሪያ ሥራችሁ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ማዞር ነው። ሁለተኛ፣ ጣት ከምላጭ ይውጣ። ሦስተኛ፣ ካዝናው ይራገፍ። ሲሞኖቭ ከታች የካዝናውን ክዳን የሚከፍት መቆለፊያ አለው፣ ስትስቡት ጥይቱ ይዘረገፋል። ከዚያ በኋላ ነው መዝጊያውን ወደ ኋላ ስባችሁ የጥይት ቤቱን የምታዩት። በዓይን እዩ። ጨለማ ከሆነ ትንሿን ጣት አስገብታችሁ ዳስሱ።

ቅደም ተከተሉ ለምን አስፈለገ? አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ ጎበዝ ልጅ፣ አንድ ጣሳ ሽሮ ተካፍለን የበላን ልጅ። ጠመንጃ ነክሶ መጣለት። መዝጊያውን ሳበ፣ የነከሰው ጥይት ወጣ፣ መሬት ላይ ወደቀ። አየሁት፣ እሱም አየው። «ወጣ» አለ። መዝጊያውን ለቀቀው። ካዝናው ግን አልተራገፈም ነበር። መዝጊያው ሲመለስ ሌላ ጥይት ይዞ ገባ። ከዚያ «ባዶ ነው» ብሎ ምላጩን ለማርገብ ሳበ። አጠገቡ የቆመው ልጅ ታፋው ላይ ተመታ። ተርፏል፣ ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል። ሁላችንም አጠገቡ ነበርን። ሁላችንም እያየን ነበር። ካዝናው መጀመሪያ! ካዝናው መጀመሪያ፣ ከዚያ የጥይት ቤቱ። እባካችሁ ይቺን ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይበቃኛል።

አንድ ተጨማሪ። ምላጭ ስባችሁ «ቀጭ» ብሎ ካልተኮሰ ወዲያው አትክፈቱት። ጥይቱ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል። አፈሙዙን እንደያዛችሁ ቢያንስ ሠላሳ ሰከንድ ቁጠሩ። ድምፁ ደግሞ ደከም ብሎ «ፍስስ» ካለ ፈጽሞ ሌላ እንዳትተኩሱ፤ አረሩ፣ ማለት ከጥይቱ ተወርውሮ የሚሄደው ብረት፣ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። በላዩ ሌላ ከተኮሳችሁ መሣሪያው ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል።

እሺ። ሁለተኛው ነገር፣ ሳትነኩት እዩት።

ያስተማሩኝ አንድ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ። ቃኘው በ1943 ዓ.ም ሲሄድ ገና ለጋ ወጣት ነበሩ። እዚያ የያዙት ኤም ዋን የሚባለውን የአሜሪካ ጠመንጃ ነው፣ ስምንት ጥይት በአንድ ማቀፊያ የሚጎርስ፣ ሲጨርስ ማቀፊያውን «ጭል» አድርጎ የሚተፋ። እኛ ጋ ሲሞኖቭ ሲመጣ እሳቸው እንደ አዲስ ልጅ ተቀምጠው ተማሩት። ጠመንጃ የነከሰበት ወታደር ሲመጣ ምን ይሉት ነበር መሰላችሁ? «ቁም! እንዳትነካው!» ይሉታል። ከዚያ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ረጅም ጊዜ ያያሉ። እኛ ወጣቶቹ ይሰለቸን ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። የነከሰው ጥይት እንዴት እንደቆመ ካየህ በሽታው ምን እንደሆነ ይነግርሃል። ነቅለህ ከጣልከው ግን ምስክሩን አጠፋኸው።

ምን ታያላችሁ? የጥይቱ አፍንጫ ወደ ታች ተደፍቶ ከፊት ያለውን ብረት ከወጋ፣ እጁን ጠርጥሩ፣ ካዝናውን። የተተኮሰ ቀለህ የጥይት ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ አዲሱ ጥይት ከኋላው ከተጋጨ፣ ችግሩ ማጉረስ አይደለም፣ የቀድሞው አልተዋጠም። ባዶ ቀለህ መዝጊያው ላይ ቀጥ ብሎ ተነክሶ ከቆመ፣ ወጥቷል ግን አልተወረወረም፣ ጉልበት አንሷል ወይም ቀለሁን ይዞ የሚያወጣው ጥፍር ደክሟል። መዝጊያው ደግሞ ባዶ የጥይት ቤት ላይ ከተዘጋ፣ ካዝናው ውስጥ ጥይት እያለ ማለቴ ነው፣ መዝጊያው በቂ ርቀት ወደ ኋላ ስላልሄደ ጥይቱን ዘሎት አልፏል።

አያችሁ? አራቱንም ሰው «ነከሰብኝ» ነው የሚላቸው። አራቱም ግን የተለያየ በሽታ ነው። ራስ ምታትም ወባም «አመመኝ» ነው የሚባለው፣ መድኃኒቱ ግን አንድ አይደለም።

አሁን ወደ እጁ። ሲሞኖቭ ላይ ካዝናው የተያያዘ ስለሆነ ሰው አይጠረጥረውም። የታችኛው ክዳን በደንብ «ቀጭ» ብሎ ካልተቆለፈ ጥይቱ ዝቅ ይልና አፍንጫው ይደፋል። በእጃችሁ ወዝወዝ አድርጉት። ይንቀጠቀጣል? እንግዲያው አንዱን አገኛችሁ። ቀጥሎ ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ሞላ። ዝጎ ወይም ተጣሞ ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ጥይቶች ማንሳት ይከብደዋል። በጣታችሁ ወደ ታች ተጭናችሁ ልቀቁት። ፈጥኖ ሳይንገዳገድ ይመለሳል? ወይስ ቆሽሾ እየጎተተ ነው? እዚህ ጅማ ውስጥ ይሄን የሚያደርገው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የጀንፈል ብናኝ! መጋዘን ውስጥ ቡና ሲፈለፈል የሚነሳው ቀይ አቧራ። ዘይት ያለበት ብረት ላይ ሲያርፍ እንደ ጭቃ ይለጠፋል። መጋዘን ጠባቂዎች፣ ለእናንተ ነው የምለው፣ ቡና በሚፈለፈልበት ወራት ካዝናውን በየሳምንቱ ክፈቱና በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

ሠላሳ ጥይት የሚይዝ ተነቃይ ካዝና የገጠመ ሰውም አይቻለሁ። እሱ ለዚህ መሣሪያ መጀመሪያ የተሠራ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ልኩም አይገጥምም። የነከሳችሁ እሱ ከሆነ ወደ አሥሩ ተመለሱ። ሌላ መድኃኒት አልፈልግለትም።

ጉርሻውን አጠር ላድርገው። ጥይታችሁን አውጥታችሁ በጨርቅ ጥረጉና ደርድራችሁ እዩ። የተሰረጎደ፣ የዛገ፣ አረሩ ወደ ውስጥ የገባ ካለ ለዩት። ዓመት ሙሉ በቆዳ ዝናር ውስጥ የተቀመጠ ጥይት አረንጓዴ ያወጣል፣ ቆዳው የተለፋበት ነገር ነሐሱን ስለሚበላው ነው። በአመድና በሎሚ አትፈትጉት። ዘይትም አትቀቡት። ዘይት ወደ ካፕሱሉ፣ በጥይቱ ጀርባ ወዳለው መለኮሻ፣ ሰርጎ ጥይቱን ያከሽፈዋል። ጥይት ደረቅ ነው መሆን ያለበት። የተለየውን ጥይት ደግሞ ሜዳ ላይ አትጣሉት፣ ልጆች ያገኙታል፤ ለፖሊስ አስረክቡ።

ወደ አፉ ስንመጣ ትንሽ እቆያለሁ። ምክንያቱም የጅማ በሽታ እዚህ ላይ ነው።

ጅማ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ክረምት ላይ ጓዳችን ያለው ጨው ውሃ አይቋጥርም? ይቋጥራል! አሁን ስሙኝ። የድሮ የሶቪየትና የቻይና ጥይት ካፕሱሉ ሲፈነዳ የሚተወው ጨው አለ፣ ፖታሲየም ክሎራይድ ይባላል። የወጥ ጨው ዘመድ ነው። አፈሙዙ ውስጥ፣ የጥይት ቤቱ ውስጥ፣ የጋዝ ቱቦው ውስጥ ይቀመጣል። ከአየሩ እርጥበት ይስብና ብረቱን ማዛግ ይጀምራል። በጅማ ሐምሌ አንድ ሌሊት በቂው ነው። የጥይት ቤቱ ሲዝግ ግድግዳው ይሻክራል። ቀለሁ ሲተኮስ ተለጥፎ ይቀራል። አልወጣም ይላል። ሰውዬው ግን «አልጎርስ አለኝ» ይላል።

ጨውን በዘይት ታጥባላችሁ? አታጥቡም። ጨው በዘይት አይሟሟም። ጨው በውሃ ነው የሚሟሟው። ተኩሳችሁ ስትመለሱ በዚያው ቀን ሙቅ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ አፈሙዙንና የጥይት ቤቱን የጋዝ ቱቦውንም አጥቡት። «ጠመንጃ በውሃ?» ብላችሁ እንደምትደነግጡ አውቃለሁ። አዎ በውሃ! ከዚያ ግን ደረቅ እስኪሆን ድረስ በጨርቅ፣ በጨርቅ፣ አሁንም በጨርቅ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ። መጨረሻ ላይ ስስ የመሣሪያ ዘይት። ስስ! ጨርቁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ የምታብሱት እንጂ የምታፈሱት አይደለም።

አፉ ላይ ሳለሁ ካፕሱሉን ስለሚመታው መርፌ ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው ይገድላል። የሲሞኖቭ መርፌ መዝጊያው ውስጥ ልቅ ነው። አብዛኞቹ ላይ ወደ ኋላ የሚመልሰው ሞላ የለም። ከመጋዘን የወጣ መሣሪያ በወፍራም ቅባት የታጨቀ ከሆነ፣ ወይም ከዛገ፣ መርፌው ወደ ፊት ወጥቶ ይቀረቀራል። ያኔ መዝጊያው ጥይቱን ሲያጎርስ፣ ምላጭ ሳትነኩ፣ ይተኩሳል። አንዳንዴ አከታትሎ ይተኩሳል። ሲፈታ መዝጊያውን ብቻውን ይዛችሁ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት። «ቅጭልጭል» ማለት አለበት። ዝም ካለ እንዳትተኩሱበት። ፈቃድ ወዳለው ጠጋኝ ውሰዱት።

ጉልበቱ ቀረ። ጥይቱ ሲተኮስ ከጋዙ ትንሹ በቀዳዳ ወደ ላይኛው ቱቦ ይገባል፣ ውስጡ ያለውን ዘንግ፣ ፒስተኑን፣ ይገፋል፣ ፒስተኑ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይልካል። ፒስተኑ ከተያዘ ሁሉም ነገር ያጥራል። የመፈተሻው ዘዴ ቀላል ነው። ቱቦውን አውጥታችሁ ወዲህና ወዲያ አዘንብሉት። ፒስተኑ በራሱ ክብደት ይንሸራተታል? ይበቃል። ከቆመ ካርቦን ይዞታል ማለት ነው። አጽዱት፣ ግን ቱቦው ውስጥ ዘይት አትተዉ። ዘይቱ በጋዙ ሙቀት ይቃጠልና ራሱ ካርቦን ይሆናል።

አንድ የጎማ ወረዳ ገበሬ ነበር፣ ጥሩ ሰው፣ ከቡናው አምጥቶልኝ ሁሌ የማመሰግነው። ሲሞኖቩ ሁለት ይተኩስና ይቆማል። ቤቱ ሄጄ አየሁት። ፒስተኑ በመዶሻ ካልሆነ አይወጣም ነበር። ምን ቀብቶት ነበር? የምግብ ዘይት። ሲያልቅ ደግሞ ቅቤ። አባቱም እንዲሁ ያደርጉ ነበር አለኝ። የአባቱ ጠመንጃ ግን ምንሽር ነበር፣ በእጅ የሚቀባበል፣ ጋዝ የሌለው። የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይደርቃል። እጅ ያንን ይጎትተዋል፣ ጋዝ ግን አይችልም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቅቤ የሚቀባ ካለ፣ እባካችሁ ዛሬ ይብቃ። የተቃጠለ የመኪና ዘይትም እንደዚሁ፣ ውስጡ የብረት ዱቄትና አሲድ አለው።

ያሳዘነኝ ግን ሌላው ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ሰው «መንሸራተቻው ሻካራ ነው» ብሎ ጥይቱ ወደ አፍ የሚወጣበትን ብረት በሞረድ ልጎለት ነበር። ፒስተኑን አጽድቼ ጉልበቱ ሲመለስ እንኳ ጥይቱ እየተደናቀፈ ቀረ። ያልታመመውን ቦታ አጎደለው። ብረት ትቀንሳላችሁ እንጂ አትጨምሩም! ሞረድ አታንሱ። የካዝና ከንፈር በፒንሳ አታጣምሙ። ለጠጋኝ የሚሆነውን ለጠጋኝ ተዉ፤ መሣሪያ መያዝም መጠገንም ፈቃድ ይፈልጋል፣ አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አስታውሱ። የእናንተ ሥራ ማየት፣ ማጽዳት፣ ማድረቅ፣ ስስ ዘይት፣ እና መንገር ነው። ምን እንዳያችሁ መንገር። «ሦስተኛው ላይ፣ አፍንጫው ተደፍቶ» ብሎ የሚመጣ ሰው ለጠጋኙ ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል።

አንዲት ነገር ረስቼ። ካዝናውና ጋዙ ከተምታታባችሁ እንዲህ ለዩ። ሲሞኖቭ የመጨረሻውን ጥይት ሲተኩስ መዝጊያው ተከፍቶ ይቆማል። ተኩስ ላይ ካልቆመላችሁ፣ ባዶ አድርጋችሁ በእጅ እስከ መጨረሻው ሳቡት። በእጅ ሲሆን ከቆመ ካዝናው ደህና ነው፣ ጉልበት ነው ያነሰው። በእጅም ካልቆመ ጥይት ገፊውን እዩ። ስትሞክሩ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ጥይቱንም ለውጣችሁ ዘይቱንም አጽድታችሁ ቢሠራ፣ የትኛው እንዳዳነው በምን ታውቃላችሁ?

ስታቀባብሉም መዝጊያውን ሙሉ ሳቡና ልቀቁት። በእጅ እያባበላችሁ አትመልሱት። ሞላው የተሠራው በሙሉ ኃይሉ እንዲመታ ነው። በእጅ የተመለሰ መዝጊያ ጥይቱን ግማሽ መንገድ ላይ ይተወዋል። ስንት ሰው በዚህ ብቻ «ነክሷል» ብሎ መሣሪያውን እንዳመጣልኝ!

ጥያቄ ካለ እመልሳለሁ። በመጀመሪያ ግን ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሲሞኖቭ አለ፣ ባዶ ናቸው፣ ግን አምናችሁ አትውሰዱኝ፣ እያንዳንዳችሁ ራሳችሁ ታያላችሁ። አንዱ ላይ ሆን ብዬ ስህተት አድርጌያለሁ። ከጅሬን የመጣችሁት እናንተ ጀምሩ። ቀረብ በሉ። እጅ ወደ ኋላ፣ ሳትነኩት እዩና ምን እንዳያችሁ ንገሩኝ።